ስለ ሁለት የምድር ባቡር ኩባንያዎች ጋብቻ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ነገር ግን ድሩ እንዴት አድርጎ እንደሚያብር የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሸማኔ ቤት ገብቶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሁለት ልቃቂት ፈትል በአንድ ቅርጫት ውስጥ ስለ ተቀመጠ ብቻ ኩታ አይሆንም። ድሩ ተወጥሮ፥ ማጉ በመወርወሪያ እየተመላለሰ፥ ክር ከክር ጋራ ሲተላለፍ ከቆየ በኋላ ነው ጨርቅ የሚባለው።

የሰው ማኅበርም እንዲሁ ነው። ሁለት ኩባንያዎች አንድ ለመሆን በተስማሙ ጊዜ ጠበቆች ውሉን ይጽፋሉ፤ ባለአክሲዮኖች ድምፅ ይሰጣሉ፤ መንግሥት ይፈቅዳል፤ ማኅተም ይመታል። ይህ ተደርጎ ካለቀ በኋላ «ተዋሐዱ» ይባላል። ዳሩ ግን በየጠረጴዛው፥ በየመጋዘኑና በየመንገዱ ላይ የሚሠሩ ብዙ ሺህ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች «ከነገ ጀምሮ አለቃዬ ማን ነው? የለመድሁት ሥራ ይቀጥላልን? እስከ ዛሬ ያገለገልሁበትስ ዘመን ይቈጠርልኛልን?» ብለው በልባቸው ሲጠይቁ፥ መልሱን ከማኅተሙ ላይ ሊያነቡት አይችሉም። መልስ የሚሰጣቸው ሰው ያጡ እንደ ሆነ፥ ውሉ ምንም ቢያምር ሥራው መታመም ይጀምራል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገ ከነገ ወዲያ አንተም በባንክ ወይም በፋብሪካ፥ አንቺም በኢንሹራንስ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ትቀጠራላችሁ፤ ከእናንተም መካከል ሌላውን የሚያዝዙ ሹሞች ይወጣሉ። ስለዚህ በአሜሪካ አገር ስለ ተደረገ አንድ ታላቅ ውሕደት ልነግራችሁ አሰብሁ። ታሪኩን ከሩቅ አገር ያመጣሁበት ምክንያት ጅማሬውም ፍጻሜውም ታውቆ ስላለቀ ነው፤ ፍጻሜው የታወቀ ነገር ለትምህርት ይመቻል። ዘመኑንም «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ሁለት ታላላቅ የምድር ባቡር ኩባንያዎች ነበሩ። አንደኛው በ1846 የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በፊላዴልፊያ ከተማ የነበረው የፔንሲልቬኒያ ምድር ባቡር ነው። ሁለተኛው በ1853 ዐሥር ትንንሽ ኩባንያዎች ተዋሕደው ያቋቋሙት፥ ከ1867 ጀምሮም ኮርኔልየስ ቫንደርቢልት በተባለው ባለጠጋ እጅ የገባው የኒው ዮርክ ሴንትራል ምድር ባቡር ነው። ሁለቱም ከኒው ዮርክ ወደ ቺካጎ ይሄዱ ነበር፤ ሁለቱም አንዱን መንገደኛና አንዱን ጭነት ይሻሙ ነበር።

ፉክክራቸው ከመቶ ዓመት የበለጠ ዕድሜ ነበረው። በ1902 ሁለቱም ከኒው ዮርክ ቺካጎ የሚያደርስ ፈጣን የቅንጦት ባቡር አወጡ። በቺካጎ ከተማ ኢንግልዉድ ከሚባለው ጣቢያ ሲነሡ የሁለቱ ሐዲድ ለጥቂት ርቀት ጎን ለጎን ይሄድ ስለ ነበር፥ ነጂዎቹ እንደ ጉግስ ፈረሰኞች ይሽቀዳደሙ ነበር፤ መንገደኞቹም በመስኮት ይተያዩ ነበር። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ፉክክር ውስጥ ያደገ ሠራተኛ የኩባንያውን ስም እንደ አባቱ ስም ቢወድደው፥ የሌላውንም ኩባንያ ሰው እንደ ባላንጣ ቢያየው የሚያስደንቅ አይደለም።

ጠባያቸውም ለየቅል ነበር። የፔንሲልቬኒያው ኩባንያ ራሱን የዓለም ምድር ባቡር ሁሉ መለኪያ አድርጎ የሚቈጥር፥ በማዕረግ ቅደም ተከተል የሚሄድ ትልቅ ቤት ነበር። የኒው ዮርክ ሴንትራል ግን ከ1954 ጀምሮ አልፍሬድ ፐርልማን በተባለ መሐንዲስ እየተመራ፥ ፉርጎ የሚለዩባቸውን የሐዲድ ግቢዎች በአዲስ መሣሪያ ያደሰ፥ ወጣት ሹሞችንም ያቀረበ ቤት ነበር። የመጀመሪያው ቀለም ቀይ፥ የሁለተኛው አረንጓዴ ስለ ነበር፥ በኋላ ሰዎች ሁለቱን ወገኖች «ቀዮቹ» እና «አረንጓዴዎቹ» እያሉ ጠሯቸው። ይህን የቀለም ነገር ልብ በሉት።

እነዚህ ባላንጣዎች ለመጋባት ያሰቡት ከፍቅር የተነሣ ሳይሆን ከችግር የተነሣ ነው። በ1956 በወጣው ሕግ የአሜሪካ መንግሥት በመላው አገር ሰፊ የአውቶሞቢል ጎዳና መሥራት ጀመረ፤ ጭነቱ ወደ ካሚዮን ሄደ። በ1959 በሴንት ሎረንስ ወንዝ በኩል ለትልልቅ መርከቦች የውሃ መንገድ ተከፈተ። መንገደኛውም ወደ አውሮፕላን ዞረ። ገቢያቸው የጐደለባቸው ሁለቱ ኩባንያዎች «አንድ ብንሆን ሁለት ጣቢያ በነበረበት አንድ ይበቃል፤ ሁለት ሐዲድ በነበረበት አንድ ይበቃል፤ ብዙ ወጪም ይድናል» ብለው በ1957 መነጋገር ጀመሩ። በ1962 ለመንግሥት አመለከቱ፤ በ1966 ተፈቀደላቸው፤ ክርክሩ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1968 ጥር ወር ተፈጸመ።

ከዐሥር ዓመት በላይ መሆኑን አስተውሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሠራተኛው የሚሰማው «አንድ ጣቢያ ይበቃል» የሚለውን ቃል ነው። ለባለአክሲዮን ይህ ቃል ቁጠባ ነው፤ በዚያ ጣቢያ ለሚሠራ ሰው ግን የእንጀራው ነገር ነው። «የሚዘጋው የኛ ነው ወይስ የነርሱ?» ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛ ወሬ በሌለበት ቦታ ሐሰተኛ ወሬ ይነግሣል፤ አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉትም ለዚህ ነው። ነገር ግን እንጀራው የሚያሰጋው ሰው መላ የሚጨምርበት ዐቅም ያጣል፤ የሰማውን ሁሉ ያምናል።

ኩባንያዎቹ ስለ ሠራተኛው ጨርሰው አላሰቡም ማለት አይቻልም። በ1964 ከሠራተኞች ማኅበሮች ጋራ ስምምነት አድርገው፥ በውሕደቱ ምክንያት የነባር ሠራተኞች ሥራ እንዳይነካ ቃል ገቡ፤ ተሰናብተው የነበሩ ብዙዎችም ተመለሱ። ይህ ደግ ነገር ነበር። ዳሩ ግን ደመወዝን ማስጠበቅና ልብን ማስጠበቅ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሰው ከሥራው የሚያገኘው ብር ብቻ አይደለም፤ የሚታወቅበት ስም፥ የሚከበርበት ዕውቀት፥ የሚጫወትበት ወዳጅ ከሥራው ጋራ የተያያዘ ነው። ብሩ ሳይነካ እነዚህ ሊነኩ ይችላሉ።

የካቲት 1 ቀን 1968፥ በፈረንጆቹ ወር ማለቴ ነው፥ ሁለቱ አንድ ሆነው ፔን ሴንትራል ተባሉ። ወደ 32,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድና ከ90,000 የሚበልጥ ሠራተኛ ያለው፥ በዚያ አገር ታይቶ የማይታወቅ ታላቅ የምድር ባቡር ኩባንያ ሆነ። ከፔንሲልቬኒያው ወገን የመጣው የሕግ ሰው ስቱዋርት ሳንደርስ የቦርዱ ሊቀ መንበር፥ ከሴንትራል የመጣው ፐርልማን ፕሬዚዳንት፥ ከፔንሲልቬኒያው ወገን የመጣው ዴቪድ ቤቫን የገንዘብ ሹም ሆኑ። በወረቀት ሲታይ ሥልጣኑ የተካፈለ ይመስላል። ነገር ግን ሳንደርስና ፐርልማን በሐሳብ አልተስማሙም፤ ቤቫንና ፐርልማንም አልተዋደዱም። ከላይ ያሉት ሳይነጋገሩ ከታች ያሉት እንዴት ይነጋገራሉ? ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው።

ጉዳቱ ወዲያው በሥራው ላይ ታየ። የጭነት ፉርጎ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ የጭነት ወረቀት አለው፤ በዚህ ወረቀት ላይ ከየት እንደ መጣ፥ ወዴት እንደሚሄድ፥ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ይጻፋል። በሐዲዱ ግቢ የሚሠራው ጸሐፊ ወረቀቱን አይቶ ፉርጎው ከየትኛው ባቡር ጋራ እንደሚቀጠል ይወስናል። የፔንሲልቬኒያው ጸሐፊ የራሱን መንገድ ምልክት ሁሉ በቃሉ ያውቅ ነበር፤ የሴንትራሉም እንዲሁ። አሁን ግን አንዱ የሌላውን ምልክት ሳይማር ፉርጎው ይመጣበት ጀመር። የሁለቱ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮችም እርስ በርሳቸው የማይግባቡ ነበሩ። ስለዚህ ፉርጎዎች ወዳልታዘዙበት ከተማ ሄዱ፤ ወረቀታቸው የጠፋባቸው ፉርጎዎች በየግቢው ተከማቹ፤ ነጋዴዎች ዕቃቸው የት እንደ ደረሰ ቢጠይቁ የሚነግራቸው አጡ። ከነዚህም ብዙዎቹ ጭነታቸውን ለካሚዮን ሰጡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የዚያን ጸሐፊ ልብ እንመልከት። ሃያ ዓመት ሙሉ «እርሱን ጠይቁት፥ እርሱ ያውቃል» ሲባል የኖረ ሰው፥ በአንድ ሌሊት ምንም የማያውቅ ሰው ሆነ። ሰው ከድካም ይልቅ የሚፈራው ይህን ዓይነቱን ኀፍረት ነው። ያፈረ ሰው ደግሞ «አላውቅም፥ አስተምሩኝ» ለማለት ይቸገራል፤ ከዚያ ይልቅ «ይህን ያበላሹት እነዚያ ናቸው» ማለት ይቀለዋል። ስለዚህ ቀዮቹ አረንጓዴዎቹን፥ አረንጓዴዎቹም ቀዮቹን ይወቅሱ ጀመር። ፉክክሩ በፊት ነጋዴውን ይጠቅም ነበር፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ቤቱን የሚበላ ምስጥ ሆነ።

ከዚህም የባሰው የሰው መሄድ ነው። ፐርልማን ሰብስቧቸው ከነበሩት ከሴንትራል ሹሞች ብዙዎቹ፥ በአዲሱ ቤት ቃላቸው እንደማይሰማ ባዩ ጊዜ፥ ወደ ሌላ ኩባንያ ሄዱ። አንድ መሥሪያ ቤት ሲታመም በመጀመሪያ የሚለቁት ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚፈለጉት ናቸው፤ እነርሱም ብዙ ጊዜ ቤቱ ሊያጣቸው የማይገባ ሰዎች ናቸው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ይህ ኪሳራ አይጻፍም።

በ1969 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ባስገደደው መሠረት ኒው ሄቨን የተባለ የከሰረ የምድር ባቡር ኩባንያ ተጨመረባቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፐርልማን ከፕሬዚዳንትነቱ ተነሣ። በ1970 ኩባንያው በቀን ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ይከስር ነበር። ሰኔ 8 ቀን ቦርዱ ተሰብስቦ ሳንደርስን፥ ፐርልማንንና ቤቫንን አሰናበተ። ሰኔ 21 ቀን 1970፥ በእሑድ ቀን፥ ፔን ሴንትራል መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ጋብቻው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር አልሞላውም። እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ክስረት አልታየም ነበር።

በእውነት ለመናገር፥ ኩባንያውን የጣለው የሠራተኛው ልብ መሰበር ብቻ አይደለም። የጭነት ዋጋን መንግሥት ስለሚወስን እንደ ልብ መነገድ አይቻልም ነበር፤ የመንገደኛ ባቡር ሁልጊዜ ያከስር ነበር፤ የኒው ሄቨን ሸክም ነበረ፤ የሒሳቡም አያያዝ ኪሳራውን የሚሸፍን ነበር። አንድ ታላቅ ዛፍ በአንድ ምሳር አይወድቅም። ነገር ግን ሌሎቹን ችግሮች ሊታገል የሚችለው የሰዎች ኅብረት ነበር፤ እርሱ በሌለበት ጊዜ እያንዳንዱ ችግር ከመጠኑ በላይ ገዘፈ። የኔም ሐሳብ ይኸው ነው፦ ሐዲዱን፥ ገንዘቡንና ስሙን ማዋሐድ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሰውን ማዋሐድ ሌላው ግማሽ ሲሆን፥ እርሱ በእውነት ቃልና በአክብሮት ካልተሠራ የመጀመሪያውም ግማሽ ይፈርሳል።

ስለ እውነት ቃል የተናገርሁት በግምት አይደለም። ዴቪድ ሽዋይገርና አንጄሎ ዴኒሲ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ምሁራን በ1991 አንድ ጥናት አሳትመዋል። ሊዋሐድ በተዘጋጀ ኩባንያ ውስጥ ሁለት ፋብሪካዎችን መረጡ። በአንደኛው ፋብሪካ ለሠራተኛው ስለ ለውጡ የሚታወቀው ነገር ሁሉ፥ መልካሙም ክፉውም፥ በየጊዜው በሚወጣ ጽሑፍ፥ ለጥያቄ በተከፈተ ስልክና በስብሰባ ይነገረው ነበር። በሁለተኛው ግን እንደ ተለመደው ጥቂት ነገር ብቻ ተነገረ። ውሕደቱ በተሰማ ጊዜ በሁለቱም ዘንድ ጭንቀት በዛ፤ በሥራ መደሰትም ቀነሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን እውነቱ በሚነገርበት ፋብሪካ የሰው ልብ ይረጋጋ፥ በኩባንያውም ላይ ያለው እምነት ይመለስ ጀመር፤ በሌላው ፋብሪካ ግን ነገሩ እየከፋ ሄደ። እንግዲህ ክፉም ቢሆን የታወቀ ነገር ካልታወቀ ነገር ይሻላል ማለት ነው።

እውነት በማይነገርበት ጊዜ የሚሆነውን ደግሞ ሌላ ውሕደት ያሳየናል። በ1998 የጀርመኑ ዳይምለር ቤንዝና የአሜሪካው ክራይስለር የተባሉት የአውቶሞቢል ኩባንያዎች ሲዋሐዱ «የእኩሎች ጋብቻ ነው» ተብሎ ለዓለም ተነገረ። በ2000 ግን የኩባንያው አለቃ ዩርገን ሽረምፕ ለአንድ ጋዜጣ ሲናገር፥ ከመጀመሪያውም ሐሳቡ እኩልነት እንዳልነበረና ክራይስለር የኩባንያው አንድ ክፍል እንዲሆን እንደ ፈለገ ገለጸ። የክራይስለር ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። በ2007 ዳይምለር ከክራይስለር 80.1 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ሸጠ። «እናንተ ታናሽ ናችሁ» መባል ያሳዝናል፤ «እኩል ናችሁ» ተብሎ በኋላ ታናሽ ሆኖ መገኘት ግን ያስቈጣል። ሰው ዝቅ ማለትን ይታገሣል፤ መታለልን አይረሳም።

ስለ አክብሮትም ራሴ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። በማስተማር ሥራ ላይ ሳለሁ ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ዲሬክተር ሥር እንዲዋሐዱ ተደረገ። አንዱ ትልቅ፥ አንዱ ትንሽ ነበር። የትንሹ ትምህርት ቤት ደወል ከዋርካ ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ብረት ቁራጭ ሲሆን፥ እርሱን በመዶሻ የሚመቱት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። የትልቁ ትምህርት ቤት ደወል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለ ነበር፥ በክረምቱ ዕረፍት ብረቱ ወረደ። ለሽማግሌው የነገራቸው ሰው አልነበረም። ትምህርት በተከፈተበት ቀን ማለዳ መዶሻቸውን ይዘው ዛፉ ሥር መጡ። አንዲት አስተማሪ ቀርባ «አባባ፥ ደወሉ እኮ ወርዷል» አለቻቸው። «ማን አዘዘ፥ ልጄ?» አሉ፤ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ደመወዛቸው አልተነካም፤ ከግቢውም አልወጡም። ነገር ግን ያን ማለዳ ያየን የትንሹ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፥ «እኛንም እንደዚሁ ሳይነግሩን ያወርዱናል» ብለን አሰብን። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል በሻይ ሰዓት የእኛ ወገን በአንድ ጥግ፥ የእነርሱ ወገን በሌላ ጥግ ይቀመጥ ነበር፤ «እኛ ዘንድ እንዲህ ነበር» የሚለው ቃልም ከአፋችን አልጠፋም። አንድ ሰው ለአምስት ደቂቃ ያህል ሽማግሌውን አነጋግሮ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይድን ነበር።

ወደ ባቡሩ ታሪክ ልመለስ፤ መጨረሻው ተስፋ የሌለው አይደለምና። የአሜሪካ መንግሥት የመንገደኛውን ባቡር በ1971 አምትራክ ለተባለው ድርጅት ሰጠ። በ1976 ደግሞ ፔን ሴንትራልን ከሌሎች የከሰሩ የምድር ባቡር ኩባንያዎች ጋራ አንድ አድርጎ ኮንሬል የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። የዚህ ኩባንያ ባቡሮች ቀይም አረንጓዴም አልሆኑም፤ ሰማያዊ ቀለም ተቀቡ። መጀመሪያ ላይ ይህም ከሰረ። በ1980 ግን የጭነት ዋጋን ነጻ የሚያደርግ ሕግ ወጣ፤ በ1981 ስታንሊ ክሬን የተባለ ልምድ ያለው የባቡር ሰው ተሾመ። በዚያው ዘመን ሠራተኞቹ ኩባንያውን ለማዳን ከደመወዛቸው የሚቀነስ ነገር ተቀበሉ፤ ሠራተኞቹም የኩባንያው 15 በመቶ ባለድርሻ ሆኑ። ኩባንያው ማትረፍ ጀመረ፤ በ1987ም መንግሥት የያዘውን 85 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ሸጠ። በ1999 መንገዱ ለሁለት ኩባንያዎች እስከ ተከፋፈለበት ጊዜ ድረስ በደኅና ሠርቷል።

ይህም ድኅነት ያለ ዋጋ አልተገኘም። መንግሥት ብዙ ቢሊዮን ዶላር አፈሰሰ፤ ብዙ ሐዲድ ተነቀለ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ሥራቸውን ለቀቁ። ስለዚህ ነገሩን ከማር የጣፈጠ አድርጌ አላቀርበውም። ነገር ግን ከፔን ሴንትራል ጋራ ስናስተያየው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታያል፦ በኋለኛው ቤት ሠራተኛው የችግሩን ልክ ያውቅ ነበር፤ ከመሥዋዕቱም ከትርፉም ድርሻ ነበረው። ቀለሙም የማንም ስላልነበረ የሁሉም ሊሆን ቻለ።

ውሕደት ለሀገራችንም እንግዳ ነገር አይደለም። በ1972 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና አዲስ ባንክ በአዋጅ ሲዋሐዱ፥ አዲሱ ባንክ በ128 ቅርንጫፎችና በ3,633 ሠራተኞች ሥራ ጀመረ። አዲስ ባንክ ራሱ ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ባንኮች ተዋሕደው ያቋቋሙት ነበር፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሠራተኛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ አዲስ ስም ተሰጥቶታል ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ አንድ ባንክ ሊኖረው የሚገባውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ሲያደርግ፥ ስለ ባንኮች መዋሐድ መነጋገር ተለመደ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለ አሜሪካ ባቡር ብቻ የተጻፈ አይምሰላችሁ።

ሹም የምትሆኑ ሆይ፤ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፥ የምታውቁትን ሳትዘገዩ ንገሩ፤ ያልወሰናችሁትንም «ገና አልወሰንንም፥ በዚህ ቀን እንነግራችኋለን» በሉ፤ ቀኑም ሲደርስ ቃላችሁን ጠብቁ። ሁለተኛ፥ አንድን ነገር ከመሻራችሁ በፊት ሲሠራበት የኖረውን ሰው ጠይቁ፤ አሮጌው ልማድ ሁሉ ሞኝነት አይደለም፤ ብዙው በድካም የተገኘ ዕውቀት ነው። ሦስተኛ፥ አዲስ ነገር ለሚማር ሰው ጊዜ ስጡት፤ ሃያ ዓመት ያወቀውን በሃያ ቀን እንዲረሳ አታስገድዱት።

ታዛዥ የምትሆኑም ሆይ፤ በደል ብቻ እየቈጠራችሁ አትቀመጡ። ከሌላው ቤት የመጣውም ሰው እንደ እናንተ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ያደረ መሆኑን አስቡ። እርሱ የማያውቀውን ሳትንቁት አሳዩት፤ እናንተ የማታውቁትን ሳታፍሩ ጠይቁት። «እኛ» የሚለው ቃል ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ማንን እንደሚጨምርና ማንን እንደሚያስቀር መወሰን በየቀኑ በየአፋችን የሚሠራ ሥራ ነው። ከላይ ያሉት ሹሞች ባይስማሙ እንኳ በአንድ ጠረጴዛ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ሊስማሙ ይችላሉ፤ መወርወሪያው በእነርሱም እጅ ነውና።

ማኅተም የመታው አካል ሥራው በዚያው ቀን ያልቃል፤ የሸማኔው ሥራ ግን የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ፔን ሴንትራል ሐዲድም ባቡርም ከሁሉ የበለጠ ነበረው፤ በማግስቱ ድርና ማጉን የሚያስተላልፍለት ግን አላገኘም። እናንተ በማግስቱ የምትገኙ ሁኑ።